የዝምተኛው ግማሽ ገጽ

ፀጉር ቆራጩን የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው «ሬዲዮ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙን ያወጡለት አንድ ጡረተኛ ደንበኛው ሲሆኑ፣ ለምን እንዳወጡለት ማንም አልጠየቃቸውም። መቀሱን ካነሳ ጀምሮ ፎጣውን እስኪያራግፍ ድረስ አፉ አይከደንም። ወሬውም ያው አንድ ነው፤ አራት ዓመት የተዋጋበት ጦርነት። በእሱ አፍ ግን ጦርነቱ የሳቅ መዝገብ ነበር። ንብ አባሮት ከነካልሲው ምሽግ ውስጥ የዘለለው ሻለቃ፣ ድስቱን አሳርሮ በጠላት መድፍ ያሳበበው ወጥ ሠሪ፣ የግራና የቀኝ ጫማውን አቀያይሮ ሰልፍ የወጣው ምልምል። ደንበኞቹ ፊታቸው አረፋ በአረፋ እንደሆነ ሲስቁ፣ ምላጩን ከጉሮሯቸው ላይ አንስቶ እስኪበቃቸው ይጠብቃል። ሚስቱ «ራሰ በራው ጎረቤታችን ሳይቀር እኮ ወረፋ ይይዝልሃል» ትለው ነበር።

ቤት ሲገባ ግን ሬዲዮው ይዘጋል። ጀርባውን ለበር ሰጥቶ አይቀመጥም። ሰሃን ከእጅ አምልጦ ከወደቀ፣ ግድግዳ ተደግፎ ላቡ እስኪደርቅ ይቆማል። እንቅልፉም የወፍ እንቅልፍ ነው። ሚስቱ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ስትኖር ይህን ሁሉ አይታ እንዳላየች ማለፍን ለምዳለች። አንድ ቀን ግን ከሥራ ስትመለስ የታጠፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት የጽሑፍ ትምህርት ጀምሯል። ያዩትንና የደረሰባቸውን መጻፍ ለመንፈስም ለእንቅልፍም ይረዳል ብሎ አንድ ሐኪም ነግሯታል።

«እስቲ ሞክረው፤ ምን ይጎድልብሃል» አለችው።

«እኔ ማውራት ከጀመርኩማ አስተማሪው ሥራ ይፈታል» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለመዳን አልነበረም የሄደው። ለመደነቅ ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ አፌ ላይ እያለ ወረቀት ላይ ቢሰፍርማ ጉድ ይባላል ብሎ አስቦ ነው። ስድስት ገጽ ሙሉ ጽፎ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ የክት ኮቱን ለብሶ ሄደ።

ክፍሉ ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለ ጠባብ ፎቅ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ወደ ጋራዥ የሚያይ መስኮት። የሚያስተምሩት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ሁሉም «መምህር» ይሏቸዋል። ተማሪዎቹ ሰባት ናቸው። ከነሱ መካከል ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች ያጣ መድፈኛ አለ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ደግሞ ማንም በቅጡ የማያውቀው አንድ ቀጭን ሰው ተቀምጧል፤ ሰላምታ እንኳ በአንገቱ የሚሰጥ፣ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሚስማር የሚመዝን። «ዝምተኛው» ይሉታል።

መምህሯ ያዘዙት ቀላል ነበር፤ በዚያ ዘመን እጃችሁ ስለነካው አንድ ነገር ጻፉ። ፀጉር ቆራጩ ተነስቶ ስድስቱንም ገጽ አነበበ። መድፉ ተተኮሰ፣ ንቦቹ ተነሱ፣ ሻለቃው ዘለለ። ሰዎቹ ሳቁ፤ መድፈኛው ጠረጴዛውን በግራ እጁ መታ። ፀጉር ቆራጩ ወደ መምህሯ ዞሮ ምስጋናውን ጠበቀ።

«መድፉን ሰማሁት፤ ሻለቃውንም አየሁት» አሉ መምህሯ። «አንተ የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ እንጂ።»

«ጽሑፉ ውስጥ ማለቴ ነው።»

ገጾቹን ሰብስቦ ተቀመጠ። ቀጥሎ ዝምተኛው ከኪሱ የደብተር ቅዳጅ አወጣ። ግማሽ ገጽ ናት። ሳይነሳ፣ ቀና ሳይል፣ የዕቃ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው አነበባት፦

«ጃኬቱ የመጣው ማክሰኞ ነው። ሦስተኛው ቁልፍ የለም። የውስጥ ኪሱ ውስጥ የተሰበረ ማበጠሪያ ነበር። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ተሳሳትኩ። ደም ሙቅ ውሃ ካገኘው ጨርቁን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። የሚፈልገው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። አራት ጊዜ አጠብኩት። ሲደርቅ ቀዳዳውን ጣፍኩ፣ ሦስተኛውን ቁልፍ ተከልኩ። ሐሙስ ዕለት አዲስ ለመጣ ልጅ ሰጠሁት። ለብሶት 'ሰፋኝ' አለኝ። 'ትለምደዋለህ' አልኩት።»

አለቀ። ማንም አላጨበጨበም። ከጋራዡ የሚመጣው የመዶሻ ድምፅ ብቻ ይሰማል። መድፈኛው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። መምህሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ፀጉር ቆራጩ ያን ጊዜ የተሰማውን ስሙን ለመጥራት ደፍሮ አያውቅም ነበር እንጂ ስሙ ቅናት ነው። እሱ በስድስት ገጽ ያላገኛትን ዝምታ ይህ ሚስማር መዛኝ በግማሽ ገጽ ወሰዳት። ሳቅማ ምን ያደርግለታል፤ ሳቅ ሱቁ ውስጥ ሞልቶለታል።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አንሶላ እያጠፈች ነበር። «እንዴት ነበር?» አለችው።

«ምን እባክሽ፤ አንዱ ስለ ጃኬት አነበበና ሰውን ሁሉ አስለቀሰው» አለና የዝምተኛውን ድምፅ እያስመሰለ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ የሰማውን ደገመላት። እንድትስቅለት ነበር። «ደም ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚፈልገው አይልም መሰለሽ።»

ሚስቱ አንሶላውን እንደያዘች ተቀመጠች። «እውነቱን ነው» አለች። «እኔን የመጀመሪያ ቀን የሥራ አለቃዬ ናት ያስተማረችኝ። ያላጠበ ሰው አያውቃትም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «እስቲ ቀሪውን ንገረኝ።»

ይቺ «ቀሪውን ንገረኝ» ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእሱ ተብላ አታውቅም። እሱ ሲያወራ ሚስቱ «ይህንንስ ሰምቼዋለሁ» እያለች ፈገግ ትላለች እንጂ። አሁን አይታው ስለማታውቀው ሰው ጃኬት ተቀምጣ ቀሪውን ትጠይቃለች። በዚያ ቀን ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

ከዚያ ወዲያ ረቡዕ መጣ ማለት ለእሱ ፍርድ ቤት መቅረብ ሆነ። ዝምተኛው ባነበበ ቁጥር ይቆጥራል፤ ስንት ሰው ቀና አለ፣ መምህሯ ስንት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ማን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የሰውየውን አጻጻፍም ለመቅዳት ሞከረ። አንድ ሳምንት ስለ ጎማ ጫማ ግማሽ ገጽ ጻፈ፤ ሌላ ሳምንት ስለ ቆርቆሮ ኩባያ። «ኩባያው ረቡዕ መጣ። እጀታው የለም» ብሎ ሲጀምር መድፈኛው ሳቁን በሳል ሸፈነው። መምህሯ ግን አልሳቁም። «ይህ የአንተ ድምፅ አይደለም፤ የተዋስከው ኮት ነው» አሉት። ኮት የሚለው ቃል ጭራሽ አንጀቱን አሳረረው።

የባሰው በሁለተኛው ወር መጣ። ማኅበሩ ጽሑፎቹን በትንሽ መጽሐፍ ሊያሳትማቸው ነው፤ መምህሯም የመጀመሪያው ገጽ የዝምተኛው ጃኬት እንዲሆን እንዳሰቡ ተናገሩ። ሁሉም ተስማማ። ፀጉር ቆራጩም «ይገባዋል» አለ፤ ቃሏ ከአፉ ስትወጣ ሬት ሬት አለችው።

በዚያው ሳምንት አንድ የቀድሞ የጦር መኪና ሹፌር ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። ጨዋታ ጨዋታን ሲያነሳ የዝምተኛው ነገር ተነሳ።

«ያ ቀጭኑ? ሚስማር መሸጫ የሚሠራው?» አለ ሹፌሩ። «እሱማ ልብስ ግምጃ ቤት ነበር። ከግንባር የሁለት ቀን መንገድ። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ልብሱን በጭነት እያመጣሁ የማራግፍለት። ጥይት ሲጮህ የሰማ አይመስለኝም።»

መቀሱ አየር ላይ ቆመ። ፀጉር ቆራጩ ደስ አለው፤ እንዲያውም ለብዙ ጊዜ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ሹፌሩ ከወጣ በኋላም መስታወቱ ፊት ቆሞ የሚናገረውን ሲለማመድ ቆየ።

ረቡዕ ዝምተኛው አንብቦ ሲጨርስ፣ ማንም ሳይቀድመው ተናገረ። «አንድ ጥያቄ አለኝ። ወንድማችን የትኛው ግንባር ነበር?»

ዝምተኛው ቀና አለ።

«መጽሐፉ የተዋጊዎች ነው ስለተባለ ነው» ቀጠለ ፀጉር ቆራጩ። «እኛ ጉድጓድ ውስጥ ስንዋደቅ አንዳንዱ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ጣሪያ ሥር ልብስ ያጥፍ ነበር አሉ። በሰው ደም ማስለቀስ ደግ አይመስለኝም።»

ዝምተኛው ቅዳጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እውነቱን ነው» አለ። «ልብስ ተቀባይ ነበርኩ። ግንባር ረግጬ አላውቅም። ረግጫለሁም አላልኩም፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።» ቅዳጁን አራት ቦታ አጠፋት፣ ኪሱ ውስጥ ከተታት፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ገፍቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ጫማው እንኳ አልተሰማም።

መምህሯ ፀጉር ቆራጩን አልተቆጡትም። ቢቆጡት በወደደ። «ለዛሬ ይብቃን» ብቻ አሉ።

ወደ ታች ሲወርዱ መድፈኛው ደረጃው ላይ ጠበቀው። «ታውቃለህ» አለው፣ ባዶ እጅጌውን ወደ ኪሱ እየከተተ፣ «የእኔንም ጃኬት አንድ ሰው አጥቦታል ማለት ነው። ሆስፒታል አውልቀውልኝ የሄደ ጃኬት። እጅጌው ውስጥ ያገኘውን ነገር፣ ያ ሰው እንዴት እንደቻለው አስቤው አላውቅም ነበር። እሱ ሲያነብ ነው ያሰብኩት።» ከዚያ ሰላም ሳይለው ሄደ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ዝምተኛው አልመጣም። በሚቀጥለውም። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለው ወንበር ባዶውን ተቀመጠ፤ ማንም ጠጋ አላለበትም። ፀጉር ቆራጩ ቀኝ ቢያይ ግራ ቢያይ ተቀናቃኝ የለውም። ግን ሲያነብ የሚስቅም ጠፋ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እንዲህ ላለው ነው። ለሚስቱ ያደረገውን ሁሉ ነገራት፤ ጥሩ አድርገሃል እንደማትለው እያወቀ ነው የነገራት።

«ቀናህበት» አለችው።

«እኔ? በሚስማር መዛኝ?»

«አዎ፣ በሚስማር መዛኝ» ብላ ወደ ሥራዋ ወጣች።

ሰኞ ዕለት ሱቁን በረፋድ ዘግቶ ወደ ግንባታ ዕቃ መሸጫው ሄደ። ዝምተኛው ሰማያዊ ካፖርት ለብሶ ሚዛን ፊት ቆሟል። ፀጉር ቆራጩን ሲያይ ፊቱ አልተለወጠም።

«ስንት ቁጥር ሚስማር ፈለግህ?» አለው።

«ሚስማር አይደለም የመጣሁበት።» ምላሱ፣ ያቺ የሰፈር ሬዲዮ፣ ተያያዘችበት። «ያን ቀን የተናገርኩት ስለ ግንባር አልነበረም። ቀንቼብህ ነው።»

ዝምተኛው እፍኝ ሚስማር ሚዛኑ ላይ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ ያየው የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«በእኔ?» አለ። «እኔ ነኝ እንጂ በአንተ የምቀናው። አንተ ስታወራ ያ ወጥ ሠሪ፣ ያ ምልምል ሰው ናቸው፤ መልክ አላቸው። እኔ ሦስት ዓመት የሞተ ሰው ልብስ ስቀበል አንድ ፊት አላየሁም። የማውቀው ኮሌታቸውን ነው፤ ላባቸው ያቀለመውን። እንቅልፍ ሲወስደኝ አንገት የሌላቸው ጃኬቶች ይሰለፉልኛል። ለማን እንደማለቅስ ሳላውቅ ነው የማለቅሰው። አንተ ግን ታውቃቸዋለህ፤ አውቀሃቸው ስለ ንብ ታወራለህ።»

ደንበኛ ገባ፤ ዝምተኛው ሁለት ኪሎ መዝኖ ሸኘው። ተመልሶ ጠየቀው፦

«ከመተኮስ ሌላ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

«ያው ሥራዬን ነዋ። ፀጉር እቆርጥ ነበር።»

«የማንን?»

«የሁሉንም» አለ ፀጉር ቆራጩ፤ ካለ በኋላ የሚስማር ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ዝምተኛው ውሃ በላስቲክ ኩባያ አመጣለት፣ እስኪጠጣ ጠበቀው፣ ምንም አልጠየቀውም።

ወደ ሱቁ ሲመለስ «ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ አልገለበጠውም። ደንበኞች በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ። የጻፈው ነገር ለአንድ ቀን እንኳ ወሬ ሆኖ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ጥይት የለበትም፣ የሚያስቅም የለበትም፤ ታሪክ ነው ብሎም ቆጥሮት አያውቅም። ሲጨርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ማታ ቤት ገብቶ ለሚስቱ ደብተሩን ሰጣትና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። እሷም እንደቆመች አነበበች።

«ፎቶ እነሳለሁ ያለህ ልጅ ስሙ ማን ነበር?» አለችው።

ስሙን ነገራት። ያን ስም ጮክ ብሎ ከጠራው ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ስለ ልጁ ጠየቀችው፣ መለሰላት፤ ስለ ሌላው ጠየቀችው። ደብተሩ መካከላቸው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ራቱ ቀዘቀዘ።

ረቡዕ ዝምተኛው መጣ። ፀጉር ቆራጩ አስቀድሞ ተነስቶ፣ ሰው ፊት ያዋረድኩትን ሰው ፊት ልካሰው ብሎ፣ ያደረገው በቅናት እንደነበረ ለሁሉም ተናገረ። ከዚያ ደብተሩን ከፈተ። ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ነው ያነበበው፦

«ከማጥቃቱ በፊት በነበረው ቀን አርባ ሁለት ሰው ቆረጥኩ። ወንበሬ የጥይት ሣጥን ነበር። የአንዱ ፀጉር አናቱ ላይ በሁለት ቦታ ይዞራል። አንዱ ከጆሮው ጀርባ የልጅነት ጠባሳ አለው፤ ምላጭ ሲነካው ይስቃል። አንዱ 'ጎኑን ብዙ አታሳጥረው፣ ስንመለስ ፎቶ እነሳለሁ' አለኝ። ጎኑን ተውኩለት። የሁሉንም ፀጉር አንድ ላይ ጠርጌ ቀበርኩት። በማግስቱ አሥራ አንዱ ተመለሱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፀጉራቸው አድጎ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። የሠላሳ አንዱ አላደገም። እጄ ሰው ጭንቅላት ላይ ባረፈ ቁጥር፣ ዝም ካልኩ፣ የነሱን አናት ያገኛል። ስለዚህ አወራለሁ።»

ማንም አላጨበጨበም። ፀጉር ቆራጩ ስንት ሰው ቀና እንዳለ ለመቁጠር ትዝ ያለው ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዐይኑ አያይለትም ነበር። ዝምተኛው ከጠረጴዛው ጫፍ ተነስቶ ወንበሩን እየጎተተ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሁለት ቦታ የሚዞር ፀጉር ያለው ልጅ» አለው ቀስ ብሎ፣ «ትከሻው ሰፊ ነበር?»

«ቀጭን ነበር። ጃኬቱ ይሰፋው ነበር።»

ዝምተኛው ራሱን ነቀነቀ። «'ሰፋኝ' ያለኝም ልጅ ቀጭን ነበር» አለ።

መጽሐፉ በክረምቱ መጨረሻ ታተመ። የመጀመሪያው ገጽ እንደታሰበው የዝምተኛው ጃኬት ነው፤ የፀጉር ቆራጩ አምስተኛ ላይ አለ። እንቅልፉ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ ማለት አይቻልም፤ ግን አንዳንድ ሌሊት አራት ሰዓት ሙሉ እንደሚተኛ ሚስቱ ለሐኪሙ ነግራዋለች። ሱቁ ውስጥ ዛሬም ያወራል። አንዳንዴ ግን መሐል ላይ ያቆማል፤ ደንበኛው «አሞሃል እንዴ?» ሲለው «የለም፣ አንድ ሰው አስታወስክኝ» ይልና ስለዚያ ሰው ይነግረዋል።

ቅናቱስ? ቅናቱ አለ። መጽሐፉ የመጣ ቀን መጀመሪያ ያደረገው የገጹን ቁጥር ማየት ነበር፤ ሚስቱ ስታየው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሰኞ ሰኞ የጻፈውን ይዞ ወደ ሚስማር መሸጫው ይሄዳል። ዝምተኛው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ያለችውን እርሳስ አውጥቶ፣ በደንበኛና በደንበኛ መካከል፣ ያነባል።

«ይቺን ሰርዛት» ይለዋል። «ይቺን አሳምረህ ነው እንጂ አይተህ አልጻፍካትም።»

«እሷ እኮ ከሁሉም የምታምረው ናት።»

«ለዚያ ነው።»

ፀጉር ቆራጩ ተናዶ፣ ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ይወጣል። መንገዱን ሙሉ «ማን ነኝ ብሎ ነው!» እያለ ያጉረመርማል። ሱቁ ሲደርስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያቺን መስመር ደግሞ ደጋግሞ ያነባታል፤ ከዚያ ይሰርዛታል።